ብሎኩ የሚያነበው ግፊት ሌላ ነው

ውጫሌ በታሪክ መጻሕፍት የምትታወቀው በአንድ አንቀጽ ሁለት ንባብ ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዚያው አካባቢ ይስማ ንጉሥ በተባለው ስፍራ የተፈረመው ውል 17ኛ አንቀጽ፣ በአማርኛው ፈቃድ የነበረው በጣልያንኛው ግዴታ ሆኖ ተገኘ፤ መዘዙም እስከ ዐድዋ ደረሰ። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የፊዚክስ መምህር እንጂ የታሪክ ባለሙያ አይደለም። ነገር ግን የትውልድ ቀዬው ውጫሌ በመሆኑና ባለፈው ክረምት እዚያው የተመለከተው ጉዳይ እንደዚያው ሁለት ንባብ ያለው ሆኖ ስላገኘው ብዕሩን ለማንሣት ተገዷል። የአሁኑ ነገር የተጻፈው በወረቀት ላይ ሳይሆን በአንድ ክብ ሰዓት ላይ ነው። ሰዓቱ የቱርቦ ግፊት መለኪያ ነው።

የአክስቴ ልጅ በዕድሜ ታላቄ ነው፤ “ጋሼ” ብዬ ነው የምጠራው። ከሃያ ዓመት በላይ በመሪ የኖረ ሰው ሲሆን፣ አሁን የራሱ የሆነ አንድ ላንድክሩዘር ሃርድቶፕ አለው። ለመስክ ሠራተኞች እያከራየ ከውጫሌ ወደ ደሴ፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻና ባቲ፣ ከዚያም ወደ አፋር ቆላ እስከ ሚሌ ድረስ ይመላለስበታል። ሞተሩ በሀገራችን እጅግ የተለመደው 1ኤችዜድ ነው፤ 6 ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር፣ ያለ ቱርቦ የሚሠራ ናፍጣ። መኪናው ጭነት ሲበዛበት የሐረጎን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተ መውጣቱ ጋሼን ለዓመታት ሲያበሳጨው ኖሯል። በመጨረሻም አንድ ጋራዥ ገብቶ ቱርቦ አስገጠመ። መካኒኩ ፖምፓውን ከፈት አድርጎ ግፊቱን በሰዓቱ ላይ 0.5 ባር እንዲያሳይ አስተካከለለት። ደሴ ላይ ሞከሩት፤ ዳገቱ ሜዳ ሆነ።

ሦስት ወር አልሞላም። ከሚሌ ተነሥቶ ወደ ባቲ በሚወጣበት ቀን፣ ሰዓቱ ያንኑ 0.5 እያሳየ፣ ራዲያተሩ ውኃውን ወደ ውጭ ተፋ። ሞተሩ ወርዶ ቴስታታው ሲነሣ ጓርኒሲዮኑ መቃጠሉ ታየ። ይህ ያን ያህል ባልከፋ ነበር። ከቴስታታው ቡሎን ቀዳዳ ተነሥቶ ወደ ሲሊንደሩ የሚሄድ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ግን በብሎኩ ላይ ነበር። “ሰዓቱ ከደሴው ፈቀቅ አላለም፤ እንግዲህ ምን በደልኩት?” ሲል ጠየቀኝ። የዚህ ጽሑፍ መነሻ ይህ ጥያቄ ነው፤ በእኔ አስተያየት በትክክል የተጠየቀ ጥያቄ ነው።

መልሱ ሰዓቱ የሚለካው የልዩነት ግፊት መሆኑ ላይ ነው። ሰዓቱ የሚነግረን በማስገቢያ ቱቦው ውስጥ ያለው አየር ከውጪው አየር በምን ያህል እንደሚበልጥ ነው። ብሎኩ ግን የውጪውን አየር አያውቅም፤ የሚሸከመው ሲሊንደሩ ውስጥ የገባውን ጠቅላላ ግፊት ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ከተማ ስለሆነች የአየሩ ግፊት 0.75 ባር ያህል ነው። በዚህ ላይ 0.5 ሲጨመር 1.25 ባር ይሆናል። ሚሌ ግን ወደ 500 ሜትር ዝቅ ያለች ናት፤ የአየሩ ግፊት 0.95 ባርን ይሻገራል። ያው 0.5 እዚያ ሲጨመር ጠቅላላው ወደ 1.46 ይደርሳል። የቱርቦው ማስተንፈሻ በርም የሚከፈተው በዚሁ በልዩነቱ ግፊት ስለሆነ ምንም የሚያርመው ነገር የለም። ስለዚህ ጋሼ ቁልቁል በወረደ ቁጥር፣ እሱ ሳያውቀው፣ በሞተሩ ላይ የሚያርፈው ሸክም በ17 በመቶ ገደማ ሲጨምር ኖሯል። መካኒኩ ሞተሩን የለካው በደጋ ቋንቋ ነው፤ ሞተሩ የሠራው ግን በቆላ ነው።

በሌላው ዓለም በሜዳ ላይ የሚኖር ባለ መኪና ይህን ልዩነት ቢረሳ ብዙ አይጎዳም። የእኛ ሰው ግን በአንድ ቀን ጉዞ ሁለት ሺህ ሜትር ይወርዳል፣ መልሶ ይወጣል። ከውጭ የሚመጡት የቱርቦ መግጠሚያ መመሪያዎች የደሴና የሚሌን መንገድ አስበው የተጻፉ አይደሉም።

አሁን ወደ ብሎኩ እንግባ። የ1ኤችዜድ የጭመቃ ምጣኔ 22.4 ለ 1 ነው፤ ማለትም ፒስተኑ ሲወጣ አየሩን ከሃያ ሁለት እጥፍ በላይ ያጠብቀዋል። ግፊቱ ግን በጭመቃ የሚያድገው በዚያው እጥፍ ሳይሆን አየሩ ስለሚግል ከዚያ በላይ ነው፤ በወረቀት ስሌት 65 እጥፍን ያልፋል። አየሩ በደሴ ደረጃ በ0.75 ባር ሲገባ፣ ገና ናፍጣው ሳይነድ፣ ግፊቱ ወደ 50 ባር ይደርሳል። በባሕር ወለል ደረጃ በ1 ባር ሲገባ 66 ገደማ ነው። በ1.5 ባር ሲገባ ግን 100 ባር ይሆናል። የዚህ ሞተር ሲሊንደር ስፋት 94 ሚሊ ሜትር ነው፤ 100 ባር በዚህ ክብ ላይ ሲያርፍ የሚወልደው ኃይል 7 ቶን ገደማ ነው። ናፍጣው ሲነድ ደግሞ በላዩ ይጨመርበታል። ይህ ኃይል ቴስታታውን ወደ ላይ፣ በፒስተንና በቢየላ በኩል ኮሎውን ወደ ታች ይገፋል፤ ሁለቱ እንዳይለያዩ አጥብቆ የያዛቸው ብሎኩ ብቻ ነው። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ዙር ሲዞር እያንዳንዱ ሲሊንደር ይህን በሰከንድ 25 ጊዜ ያደርገዋል።

ቶዮታ ራሱ ይህን ያውቃል። የ1ኤችዜድ ታናሽ ወንድም ልንለው የምንችለው 1ኤችዲ-ቲ የተባለው ባለ ቱርቦ ሞተር የሲሊንደሩ ስፋትም (94 ሚሊ ሜትር) የፒስተኑ ምልልስም (100 ሚሊ ሜትር) አንድ ነው። የጭመቃ ምጣኔው ግን 18.6 ለ 1 ነው። ናፍጣው በቀጥታ ወደ ዋናው ክፍል የሚረጭበት ሞተር በመሆኑ በዝቅተኛ ጭመቃ ለመነሣት አይቸገርም፤ ይህም ለቱርቦው ቦታ ይለቅለታል። በተመሳሳይ ስሌት በ1.5 ባር አየር ሲመገብ የሚደርሰው 78 ባር ገደማ ነው። ሠሪው ፋብሪካ ቱርቦ ሲጨምር ሌላውን ሁሉ አስተካከለ ማለት ነው። የእኛ ጋራዥ ግን ቱርቦውን ብቻ ወስዶ የቀረውን እንዳለ ተወው። ቱርቦ በብሎኩ ላይ የሚጫን ዕዳ ነው፤ ዕዳውን የሚከፍለው ማን እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባ ነበር።

ለዶክትሬት ትምህርቴ ውጭ ሀገር በቆየሁበት ጊዜ አንድ ጎረቤቴ የነበረ ተማሪ በአሮጌ ሱፕራ ፍቅር የተያዘ ነበር። እኔ ስለ ክሪስታሎች ሳነብ እሱ ስለ ብሎክ ያነብ ነበር፤ አሁን ሳስበው ሁለታችንም የምናነበው ስለ አንድ ነገር ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ሲገነባው ቱርቦውን የገዛው በመጨረሻ ነው። ከሁሉ በፊት የመረጠው ብሎኩን ነበር። በሱፕራው ውስጥ የነበረው 2ጄዜድ-ጂቲኢ የተባለው የቶዮታ ቤንዚን ሞተር በወጣት መኪና ወዳጆች ዘንድ ስመ ጥር የሆነው በምሥጢር አይደለም። ብሎኩ ጊዛ ነው። የሲሊንደሮቹ አናት ከብሎኩ ጋር የተያያዘ ስለሆነ በግፊት ጊዜ አይወዛወዙም። ኮሎው በ7 ቦታ ላይ ተደግፏል፤ ከታች ወደ ፒስተኖቹ ሆድ ዘይት የሚረጩ ቀዳዳዎችም አሉት። ለዚህ ነው በዚያው ብሎክ ከፋብሪካው ኃይል ከእጥፍ በላይ የሚያወጡ ሰዎች የታዩት። በሀገራችን ይህን የሚሞክሩ ወጣቶች መታየት ጀምረዋል፤ እኔም አልነቅፋቸውም፤ ፊዚክስ የሚወደድበት አንዱ መንገድ ነውና። የጎረቤቴን ቅደም ተከተል ግን ቢወስዱ እመክራለሁ።

ጊዛ የሚለው ቃል ራሱ ከጣልያንኛ የመጣ ነው፤ እንደ ቢየላ፣ እንደ ቴስታታ፣ እንደ ካምቢዮ። ውሉ ፈርሶ ቃላቱ ቀሩልን። ጊዛ በቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ፣ ካርቦን የበዛበት ብረት ነው። ካርቦኑ በብረቱ ውስጥ እንደ ቅጠል የሳሱ የግራፋይት ንጣፎች ሆኖ ይቀመጣል። እነዚህ ንጣፎች ንዝረትን ይውጣሉ፣ ሲሊንደሩ ለፋሻው ለስላሳ እንዲሆን ያግዛሉ፤ ስለዚህም ለሞተር ተመራጭ ሆኖ ኖሯል። ነገር ግን እያንዳንዱ ንጣፍ ሲሳብ የስንጥቅ መነሻ ነው። በዚህ ምክንያት ጊዛ ሲጨመቅ ጀግና፣ ሲሳብ ፈሪ ነው፤ በመጨመቅ የሚችለው በመሳብ ከሚችለው ሦስትና አራት እጥፍ ይበልጣል። ቱርቦ ደግሞ ብሎኩን የሚያንገላታው በዋነኛነት በመሳብ ነው፤ የቴስታታው ቡሎኖች ወደ ላይ፣ የኮሎው መደገፊያዎች ወደ ታች። የጋሼ ስንጥቅ ከቡሎን ቀዳዳ መነሣቱ ድንገተኛ ነገር አልነበረም።

አሉሚኒየም ይሻላል ወይ የሚል አንባቢ አይጠፋም። አሉሚኒየም ቀላል ነው፤ እፍግታው ከብረት አንድ ሦስተኛ ጥቂት ቢበልጥ ነው። ሙቀትንም በፍጥነት ያስተላልፋል። ነገር ግን ሲሞቅ ይዳከማል፤ ድካም ለሚባለው፣ ማለትም ትንሽ ኃይል በሚሊዮን ጊዜ ሲደጋገም ለሚያስከትለው ስብራት፣ ከብረት ይልቅ የተጋለጠ ነው። ዳገት ለዳገት ጭነት ለሚጎትት የሀገራችን መኪና ክብደቱ ችግር አይደለምና ጊዛ ይቅርብን አልልም። በአሁኑ ጊዜ በውጭ የከባድ መኪና ፋብሪካዎች ግራፋይቱ እንደ ቅጠል ሳይሆን እንደ ትል የተድበለበለበትን የጊዛ ዓይነት ይጠቀማሉ። ሲሳብ ከተለመደው ጊዛ በሰባ አምስት በመቶ ገደማ ይጠነክራል። ይህ የመካኒክ ሥራ ሳይሆን የቀላጭ ፋብሪካ ሥራ ነው፤ ጋራዥ ውስጥ ጊዛን ወደዚህ የሚለውጥ ዘዴ የለም።

በጋራዥ ሊደረግ ስለሚችለው ግን ብዙ ማለት ይቻላል። የጋሼ ብሎክ ቱርቦ ከመገጠሙ በፊት ሁለት ጊዜ ሬክቲፊካ ገብቶ ነበር፤ በእያንዳንዱ ጊዜ ሲሊንደሩ በ0.5 ሚሊ ሜትር ሰፍቷል። ይህ ማለት የግድግዳው ውፍረት በየዙሪያው በድምሩ ግማሽ ሚሊ ሜትር ቀንሷል ማለት ነው። ብሎክ ሲፈስ በቅርጹ ውስጥ ያለው እምብርት ጥቂት ፈቀቅ ሊል ስለሚችል ግድግዳው በሁሉም በኩል እኩል አይደለም፤ በአንዱ በኩል የሳሳው ቦታ ከመጀመሪያውም የሳሳ ነበር። ስለዚህ ቱርቦ ለመግጠም ያሰበ ሰው ከሁሉ በፊት የግድግዳውን ውፍረት በድምፅ ሞገድ ማስለካት አለበት። መሣሪያው በእጅ የሚያዝ ትንሽ ነገር ነው፤ ከብረቱ ማዶ ተመልሶ የሚመጣውን ድምፅ ጊዜ ቆጥሮ ውፍረቱን ይናገራል። በእኛ ፋኩልቲ የአንደኛ ዓመት ተማሪ የሚያሰላው ስሌት ነው። ስንጥቅ መኖሩን ደግሞ ብሎኩን ማግኔት አድርጎ የብረት ዱቄት በመርጨት ማወቅ ይቻላል፤ ዱቄቱ በስንጥቁ ከንፈር ላይ ይሰበሰባል።

ከዚያ በኋላ ያለው ማጠናከር ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው። የሳሳ ሲሊንደር አዲስ እጀታ ይገባለታል። የቴስታታው ቡሎን በጠንካራ ብረት ይተካል፤ ይሁንና ጠንካራው ቡሎን ጠበቅ ባለ ቁጥር ሲሊንደሩን ከክብነቱ ያጣምመዋል። ስለዚህ ሲሊንደሩ ሲሞረድ ልክ እንደ ቴስታታ የወፈረ ሰሌዳ በዚያው ኃይል ታስሮበት መሞረድ አለበት። ይህ በሀገራችን ሲደረግ አላየሁም፤ ሰሌዳውን መሥራት ግን አንድ ቶርኖ ያለው ባለሙያ የሚያቅተው አይደለም። ለውድድር የሚሠሩ ሰዎች የውኃውን መተላለፊያ በሲሚንቶ መሰል ነገር እስከ ግማሽ ሞልተው ብሎኩን ያደነድኑታል። ለሩብ ደቂቃ ውድድር ይሆናል፤ ሐረጎ ላይ ግን ሞተሩን መቀቀል ነው።

ብየዳን በሚመለከት አቋሜ ጠጣር ነው። የተሰነጠቀ ጊዛ በኤሌክትሪክ ሲበየድ ከስፌቱ አጠገብ ያለው ብረት ድንገት ሞቆ ድንገት ስለሚቀዘቅዝ እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ይሆናል። ብሎኩን በሙሉ በዝግታ አሙቆ፣ በዝግታ አቀዝቅዞ መሥራት ይቻላል፤ ወይም ያለ እሳት በብሎን ሰንሰለት መስፋት ይቻላል። ሁለቱም የሚያድኑት ሞተር ወደ ገበያና ወደ ቤት ይመላለሳል። ቱርቦ ግን አይገባውም።

ከሁሉም በላይ ግን፣ ብሎክን የሚያጠናክረው ርካሹ ነገር ብሎኩን የማይነካው ይመስለኛል። ይኸውም የአየር ማቀዝቀዣው ነው። ቱርቦ አየርን ሲያጠብቅ ያሞቀዋል። በሚሌ ሙቀት፣ 40 ዲግሪ የሆነው አየር በቱርቦው ሲያልፍ ወደ 95 ዲግሪ ይደርሳል። የሞቀ አየር ይሳሳል። ስለዚህ በጋሼ መኪና ግፊቱ በ53 በመቶ ሲጨምር የአየሩ መጠን የጨመረው በ29 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። ብሎኩ የከፈለው ሙሉውን ግፊት ነው፤ ያገኘው ጥቅም ግን ግማሹን ጥቂት ቢበልጥ ነው። አየሩ መንገድ ላይ ቢቀዘቅዝ ኖሮ ያንኑ ጉልበት እጅግ ባነሰ ግፊት ማግኘት ይቻል ነበር።

ደግሞስ ጋሼ ምን ያህል ጉልበት ነበር የፈለገው? የሱፕራ ሊያደርገው አልነበረም። የፈለገው ደጋው የቀማውን እንዲመለስለት ብቻ ነው። በደሴ ከፍታ የአየሩ እፍግታ ከባሕር ወለሉ 78 በመቶ ገደማ ስለሆነ ሞተሩ ከመነሻውም በአንድ አምስተኛ ድኻ ነው። ቱርቦ በታሪክ ዝናውን ያገኘውም በዚህ ሥራ ነው። ስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ቡኺ ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1905 አስመዘገበ። እ.ኤ.አ. በ1918 ደግሞ አሜሪካዊው ሳንፎርድ ሞስ ሊበርቲ የተባለውን የአውሮፕላን ሞተር ፓይክስ ፒክ ወደተባለ ተራራ አናት አወጣው። ከፍታው 4,300 ሜትር ገደማ ነው፤ ከላስታው አቡነ ዮሴፍ ጋር የሚቀራረብ። በባሕር ወለል 350 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር በተራራው አናት 230 ብቻ ሰጠ፤ ቱርቦው ሲሠራ 356። ከቀድሞው እንዲበልጥ አልተጠየቀም፤ የተጠየቀው እንደ ቀድሞው እንዲሆን ነው፤ ሆነም።

ለደጋው ሰው የሚገባው ቱርቦ ይህ ነው። አየሩ ከቀዘቀዘ በደሴ ከ0.3 ባር ብዙም የማይበልጥ ጭማሪ ይበቃል፤ ጠቅላላው ከ1 ባር እምብዛም አይርቅም። ቆላ ሲወረድ ጭማሪው እየቀነሰ እንዲሄድ ደግሞ ማስተንፈሻው በር ልዩነትን ሳይሆን ጠቅላላ ግፊትን በሚያነብ መቆጣጠሪያ መታዘዝ አለበት። በዘመናዊ ሞተሮች ሁሉ ላይ የሚገኘው አነስተኛ የግፊት ዳሳሽ ለዚህ ይሆናል። እንዲህ ቢደረግ የ1ኤችዜድ ብሎክ ፋብሪካው ካሰበለት በላይ ምንም አይጠየቅም።

ይህ ሁሉ ለምን አሁን የሚል ካለ፣ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታውሰዋለሁ። ውሳኔው በበኩሌ የሚደገፍ ነው። ነገር ግን በመንገድ ላይ ያሉት አሮጌ ሞተሮች ገና ብዙ ዓመት ይሠራሉ፤ ብሎኮቻቸውም ደጋግመው ሬክቲፊካ ይገባሉ። ከውጫሌ ወደ ውርጌሳ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ሞተር ቢቆም የሚጠፋው ጉልበት ብቻ አይደለም። የሞተሩ መያዣነት ይቀራል፤ መሪው ይከብዳል፤ ፍሬኑን የሚያግዘው የአየር ባዶነትም ጥቂት ጊዜ ከተረገጠ በኋላ ያልቃል። በዚያን ጊዜ መኪናው ውስጥ ያሉት ሰዎች ናቸው።

ኮምቦልቻ ላይ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለ፤ በየዩኒቨርሲቲው የፊዚክስ ክፍል አለ። በየጋራዡ ደግሞ በእጁ ዳስሶ የብሮንዝን መበላት የሚያውቅ፣ እኛ ዶክተር ተብለን የማንደርስበት መካኒክ አለ። በወር አንድ ቅዳሜ የድምፅ ሞገድ መለኪያውን ይዞ ጋራዥ የሚውል መምህርና ሁለት ተማሪ ቢገኝ፣ ለተማሪዎቹ የምርምር ርእስ፣ ለመካኒኮቹ ቁጥር ይገኝላቸዋል። እኔ ለመሄድ ዝግጁ ነኝ፤ ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ጀምሬዋለሁ። ከለካናቸው አራት ብሎኮች አንዱ በአንድ ጎኑ ባለቤቱ ካሰበው በላይ ሳስቶ ስላገኘነው ሬክቲፊካው ቀርቶ እጀታ እንዲገባለት ተወሰነ።

ጋሼ ሌላ ብሎክ ገዝቶ ሞተሩን ያለ ቱርቦ አስነሥቶታል። ሐረጎን እንደ ድሮው በሁለተኛ ማርሽ ይወጣዋል። ቱርቦውን አልሸጠውም፤ በጨርቅ ጠቅልሎ ከአልጋው ሥር አስቀምጦታል፤ “ጠቅላላ የምትለው ሰዓት መቼ ነው የሚመጣው?” እያለ በስልክ ይጠይቀኛል።